ለክረምት የሰው አካል ትምህርት ምን ልግዛ? (ጥቆማ)

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሦስት ሳምንት የክረምት ፕሮግራም 24 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለ ሰው አካል ላስተምር ነው። ያለኝ በጀት አንድ ትልቅ ዕቃ ከገዛሁበት ያልቃል። ክፍሎቹ የሚፈታቱ የፕላስቲክ የአካል ሞዴል ይሻላል ወይስ በክፍያ የሚሠራ ባለ ሦስት አውታር የአናቶሚ መተግበሪያ? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

መልስ
ሁለቱም ለጊዜው ይቆዩ። ስድስት ክረምት አስተምሬያለሁ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሲያገኙኝ የሚያነሱት ሞዴሉን ሳይሆን ሳንባው ሲነፋ ያዩትን ነው። ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የራሳቸው አካል፣ ቀጥሎ የእንስሳ አካል፣ ስክሪን በመጨረሻ ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት ሰዓት፣ ጥቂት የልብ ማዳመጫዎችና ጣት ላይ የሚሰካ የኦክሲጅን መለኪያ ይበቃል። ማዳመጫው ካነሰ ወረቀት ይጠቅልሉ። ላኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1816 የጀመረው በወረቀት ጥቅል ነበር። ልጆቹ ያዳምጡና «ሁለት ድምፅ አለው!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ልብ ቫልቮች ለማስረዳት አይቸገሩም፤ የመጀመሪያው ድምፅ በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ያሉት ሲዘጉ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከልብ በሚወጡት ትልልቅ ቧንቧዎች አፍ ላይ ያሉት ሲዘጉ የሚሰማ ነው።

የኦክሲጅን መለኪያው ብዙ ያስተምራል፤ አንድ ብቻ ግዙ ብባል እሱን ነው የምገዛው። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ ኦክሲጅን የያዘ ሄሞግሎቢንና (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ያልያዘው ሁለቱን ብርሃኖች እኩል ስለማይመጥጡ ልዩነቱን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ቀዝቃዛ እጅ ላይ ያድርጉት፣ የጥፍር ቀለም ባለው ጣት ላይም ያድርጉት፤ ቁጥሩ ሲወላውል ልጆቹ ራሳቸው ምክንያት መፈለግ ይጀምራሉ። እኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣውን የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥናት አነሳላቸዋለሁ፤ መሣሪያው የኦክሲጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት አጋጣሚ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። መጀመሪያ ያነሳሁት ዕለት የታቀደው ትምህርት ስለ ኩላሊት ነበር። ክርክሩ አላልቅ ብሎ ኩላሊት ለማግስቱ አደረ።

በሁለተኛው ሳምንት ልብና ሳንባ። እዚህ ላይ ምርጫው ትኩስ ነው ወይስ በኬሚካል የቆየ የሚለው ነው፤ እኔ ያለ ማመንታት ትኩሱን እላለሁ። የቆየው ይደርቃል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ በፎርማሊን የቆየ ከሆነ ደግሞ ሽታው ክፍሉን ያስለቅቃል፤ በውስጡ ያለው ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑም የተረጋገጠ ነው። ትኩሱን ከሥጋ ቤት ሲያዝዙ ግን «ያልተሰነጠቀ፣ ቧንቧዎቹ ከሥር ያልተቆረጡ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ በሥጋ ምርመራ ጊዜ ልብ ብዙውን ጊዜ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያ ዓመቴ ይህን አላወቅሁም። ያመጣሁት ሳንባ ተበስቶ ኖሮ በፓምፕ ስነፋው አየሩ በጎን ፉጨት እያሰማ ወጣ፤ ልጆቹ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። (በአፍ መንፋት ፈጽሞ አይሞከርም፤ የእጅ ፓምፕ ይጠቀሙ።)

ልቡን ሲከፍቱ ልጆቹ የግራና የቀኝ ታችኛ ክፍሎችን ግድግዳ በጣት ይቆንጥጡ። የግራው ወደ ሦስት እጥፍ ይወፍራል። ለምን? አንዱ ደም የሚልከው እዚያው አጠገብ ወዳለው ሳንባ ነው፣ ሌላው ወደ መላው አካል። የቆነጠጠ ልጅ ይህን ለፈተና መሸምደድ አያስፈልገውም። የከብት ዓይን ከጨመሩ ግን ከጀርባው የሚያብረቀርቀው ሰማያዊ አረንጓዴ ሽፋን በሰው ዓይን ውስጥ እንደሌለ ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ የእኛም እንዲያ ነው ብለው ይሄዳሉ።

ማይክሮስኮፕ ከሌለ ፎልድስኮፕ የሚባለው ከወረቀት የሚታጠፍ አለ፤ 140 ጊዜ ያጎላል። የጉንጭ ሴል በሜቲሊን ብሉ ቀለም ነክሮ ኒውክሊየሱን ለማየት በቂ ነው። የክፍል ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ግን አያስፈልገውም።

ሌላ መልስ
ከላይ ያሉት ሞዴሉን ትንሽ በድለውታል። ጉበት የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ግማሹ ክፍል በግራ በኩል ያሳያችኋል። ለአቀማመጥ እንደ ሞዴል ያለ የለም፤ በሥጋ ቤት የተገዛ ልብ ከሌላው አካል ተነጥሎ ስለሚመጣ ማን ከማን አጠገብ እንደሆነ አያሳይም። የምነቅፈው ቀለሙን ነው። ልጆቹ በሞዴሉ ላይ ሰማያዊ የተቀቡትን የደም ሥሮች ሲያዩ ደም በውስጣችን ሰማያዊ ነው ብለው ያምናሉ። ደም ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ኦክሲጅን ሲያንሰው ይጠቁራል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም። ደግሞም «ደም ቅዳ ቀይ፣ ደም መልስ ሰማያዊ» ብለው የያዙ ልጆች ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ላይ ሲደርሱ ይደናገራሉ፤ እሱ ኦክሲጅን ያነሰው ደም ስለሚይዝ ሰማያዊ ይቀባል። ለ24 ልጅ አንድ ሞዴል እንደማይበቃም እቀበላለሁ፤ መዋስ ከተቻለ ይዋሱ።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። ሞዴሉን ከሌላ ትምህርት ቤት ለመዋስ ጠይቄያለሁ። አንድ ችግር አለብኝ፤ ሁለት ተማሪዎች የእንስሳ አካል አንነካም ብለዋል። ኢንተርኔታችንም እየመጣ ይሄዳል።

መልስ
አያስገድዷቸው። ከክፍል ሳይወጡ ሌላ ሥራ ይስጧቸው፤ እኔ እንዲስሉ ነው የማደርገው፤ ከሁሉም የተሻለ ማስታወሻ የሚወጣው ከእነሱ ነው። መተግበሪያውም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ባዮዲጂታል ሂዩማን በብራውዘር ስለሚከፈት የሚከፈልበትን ከመግዛትዎ በፊት ነጻውን ክፍል ይሞክሩ። ለኢንተርኔቱ ችግር ፌት (PhET) የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ሲሙሌሽን ድረ ገጽ ኒውሮን የሚባል የነርቭ ሴል ሲሙሌሽን አለው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣቸው፣ የአንድ ሰው አካል በ1 ሚሊሜትር ልዩነት ተቆርጦ የተነሣባቸው ፎቶዎችም በነጻ ይገኛሉ። አስከሬን መሆኑን ግን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ማየት የማይፈልግም ይኖራል።

የደም ዓይነት ምርመራ ካሰቡ በሰው ሠራሽ ደም የሚሠራውን ኪት ይግዙ። የተማሪ ጣት ወግቶ ደም ማውጣት ይቅር፤ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ በዚያ ላይ ውጤቱ ቤት ገብቶ የቤተሰብ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

ልቦቹን ከሳምንት በፊት ይዘዙ። በረዶ ቤት ካስገቧቸው ከዋዜማው ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብለው ይሟሙ። ጓንት ደግሞ ከልጆቹ ቁጥር እጥፍ ይያዙ፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይቀደዳል።