ከአያት የወረስነውን የጣሊያን ሽጉጥ እንዴት እንወቀው? እንዴትስ እንያዘው?

የቡልጋ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት ያረፉት አባታችን፣ እሳቸውም ከአባታቸው የተረከቡትን አንድ አሮጌ የጣሊያን ሽጉጥ ትተውልን አልፈዋል። አያታችን በጠላት ዘመን በሸዋ በረሃዎች ከአርበኞች ጋር የተንከራተቱ ሰው ነበሩ፤ ሽጉጡንም ማይጨው ላይ ከአንድ የጣሊያን መኮንን እንደማረኩት፣ ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ሲተረክ ኖሯል። አባታችን በስማቸው የተሰጠ ፈቃድ ነበራቸው፤ ወረቀቱም ከሌሎች ሰነዶቻቸው ጋር ተገኝቷል። እኔ ግን ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍኩና የጦር መሣሪያ ነገር የማይገባኝ ሰው ስለሆንኩ፣ ዕውቀቱ ካላችሁ መማር እፈልጋለሁ።

ጽሑፉን ለማንበብ ከቆዳ አፎቱ አውጥቼው ነበር። በማቀባበያው ብረት ግራ ጎን «ፒ. ቤሬታ፣ ካሊበር 9 ኮርቶ፣ ሞዴል 1934፣ ብሬቬት፣ ጋርዶኔ ቪ.ቲ.» የሚል ተቀርጿል፤ ቀጥሎ 1937 የሚል ቁጥር አለ፤ ከእሱም ጎን በሮማውያን አኃዝ 15 ተጽፏል። ዘውድ ያለባት ትንሽ ማኅተምና «አር.ኢ.» የሚሉ ሁለት ፊደላትም አሉበት። ከእጀታው ሁለት ልባጦች አንዱ «ፒ.ቢ.» የሚል ምልክት ያለበት ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን፣ ሌላው በኋላ በእጅ ተሠርቶ የተተካ ቀንድ ነው። ካዝናውን አልነካሁትም፤ ጥይት ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ባለሙያ ዘንድ ወስደን ኒኬል እናስነክረው፣ እንደ አዲስ ያብረቅርቅ ይላል፤ እኔ ደግሞ ልቤ አልፈቀደም። ምልክቶቹ ምን ማለት ናቸው? እንዴትስ ቢቀመጥ ይሻላል? አንድ ቀን ተኩሶ መሞከርስ ይቻላል ወይ?

አሮጌ ብረት

ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ይህን ሥራ መሣሪያ የሚያውቅና ፈቃድ ያለው ሰው ቢሠራው ይመረጣል፤ እርስዎ ግን አጠገቡ ሆነው ይመልከቱ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደዞረ፣ ጣትም ከምላጩ እንደራቀ፣ በመጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ የካዝናው መቆለፊያ በእጀታው ግርጌ ከኋላ በኩል ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ በዚህ ዓይነት ቤሬታ ላይ ካዝና ሲወጣ ምላጩን የሚቆልፍ አካል ስለሌለ፣ አስቀድሞ የጎረሰ ጥይት ካለ ሽጉጡ ያለ ካዝናም ይተኩሳል። ስለዚህ ካዝናው ከወጣ በኋላ ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በዓይን መታየት አለበት። የቤሬታ ማቀባበያ ከላይ በሰፊው የተከፈተ በመሆኑ ለማየት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። በእጅዎ ያለው ቤሬታ ሞዴል 1934 ነው። ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በሰሜን ጣሊያን ብሬሺያ ግዛት የምትገኝ፣ የጠመንጃ አንጥረኞች ከተማ ናት፤ የቤሬታ ቤተሰብ በ1526 እ.ኤ.አ. ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት 185 የጠመንጃ አፈሙዞች መሸጡን የሚያሳይ ሰነድ አለ። ሽጉጡ በካዝናው 7 ጥይት ይይዛል። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው፤ ማቀባበያውን በተኩስ ጊዜ ዘግቶ የሚይዘው የራሱ ክብደትና የምልሰት ሽቦው ብቻ ናቸው። «አር.ኢ.» የሚለው «ሬጂዮ ኤዜርቺቶ» ማለትም የንጉሣዊው ጦር ሠራዊት ምልክት ሲሆን፣ ዘውዱም የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት ነው። ለባሕር ኃይል የተሠራ ቢሆን መልሕቅ፣ ለአየር ኃይል ቢሆን ንስር ይኖርበት ነበር። ስለዚህ ሽጉጡ ለጣሊያን ምድር ጦር ተብሎ የተሠራ እንጂ በሱቅ የተሸጠ አይደለም።

በሮማውያን አኃዝ የተጻፈው 15 የፋሺስቱ ዘመን አቆጣጠር ነው። ሙሶሊኒ በጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ በኋላ መንግሥቱ ዓመታትን ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ያዘ፤ አዲሱ ዓመትም በየዓመቱ ኦክቶበር 29 ይጀምር ነበር። ዓመት 15 በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 19 ቀን 1929 እስከ ጥቅምት 18 ቀን 1930 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ከጎኑ 1937 እ.ኤ.አ. ስለተጻፈ ደግሞ ሽጉጡ የተሠራው በዚያ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት፣ ማለትም ከ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ ነው።

ይህን የምጽፈው በአያትዎ ላይ ጥርጣሬ ለመጣል አይደለም፤ ሆኖም የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ይህ ሽጉጥ ገና አልተሠራም።

ፋይል አገላባጭ

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልጻፍ። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራበት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። የአባትዎ ፈቃድ በስማቸው የተሰጠ በመሆኑ፣ እንደ ቤትና እንደ መሬት በውርስ ወደ እርስዎ የሚተላለፍ አድርገው አይቁጠሩት። የሞት ማስረጃውን፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃውንና የአባትዎን ፈቃድ ይዘው ወደ ፖሊስ ይሂዱና ሁኔታውን በጽሑፍ አስታውቀው መመሪያ ይቀበሉ። ሽጉጡን ግን በመጀመሪያው ቀን በኮትዎ ኪስ ይዘው እንዳይሄዱ፤ ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ ቢገኝብዎ ለማስረዳት ይቸገራሉ። መቼና እንዴት እንደሚቀርብ እነሱ ይንገሩዎት። የመለያ ቁጥሩንም ሆነ የቤትዎን አድራሻ እንዲህ ባለ አደባባይ አይጻፉ። ወንድምዎ ያሉት የኒኬል ሥራም ቢሆን ይህ ጉዳይ ሳያልቅ ሊታሰብ አይገባም።

ግምጃ ቤት

ካለቀም በኋላ አይታሰብ እላለሁ። ለረጅም ዘመን በመሣሪያ ጥገና የሠራሁ ነኝና ኒኬል የሚነከር ሽጉጥ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። ኒኬሉ እንዲይዝ ብረቱ አስቀድሞ በመሞረጃ ይለሰልሳል፤ በዚያን ጊዜ የጽሑፉ ጠርዝ ይዶለዱማል፣ ዘውዱ ክብ ነጥብ ይመስላል፣ የመለያ ቁጥሩም ይደበዝዛል። አሮጌ ብረት ከላይ የተነተኑትን ሁሉ ማንበብ የተቻለው እኮ ማንም ስላልሞረደው ነው። የመለያ ቁጥር የደበዘዘበት መሣሪያ ደግሞ በፖሊስ ፊት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ብረቱ ላይ የሚያዩት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በፋብሪካ የተሰጠ እጅግ ስስ ሽፋን ነው፤ በጠርዞቹና በአፈሙዙ ዙሪያ ተልጦ ነጭ ብረት ቢታይ፣ ከአፎት ሲወጣና ሲገባ የኖረ መሆኑን ያሳያል እንጂ ጉድለት አይባልም። የብርጭቆ ወረቀት፣ አመድና ሎሚ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ እነዚህ ሁሉ ሊነኩት አይገባም።

የሚበቃው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና ጥቂት የመሣሪያ ዘይት ነው። ጨርቁ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ይደረጋል፤ ብረቱ ሁሉ በስሱ ይወለወላል፤ በመጨረሻም በባዶ እጅ ሳይነካ ይቀመጣል፣ የእጅ ላብ በአንድ ክረምት ውስጥ የጣት አሻራን ያህል ዝገት ያተርፋልና። ዝገት የያዘው ቦታ ካለ ዘይት ተቀብቶ ይደርና በማግሥቱ በጨርቅ ብቻ ይታሻል፤ የቀረው ይቅር። የእጀታውን ብሎን ልኩ ባልሆነ መፍቻ አትንኩ፤ ጥርሱ አንዴ ከተበላ ለዘለዓለም እንደተበላ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽጉጡ አፎቱ ውስጥ አይቀመጥ። ቆዳ እርጥበት ይስባል፤ ቆዳው የተለፋበት ንጥረ ነገርም ብረት ይበላል። ከአፎቱ ጋር በተያያዘበት በኩል ያለውን ጎን ቢያዩት ከሌላው ይልቅ ነቁጣ ሊበዛበት ይችላል። አፎቱ ለብቻው፣ ሽጉጡ ለብቻው፣ ሁለቱም በደረቅ ቦታ፣ ሽጉጡ በተቆለፈ ሣጥን ይሁን፤ ጥይት ካለ ሌላ ቦታ።

ስለ ቀንዱ ልጨምር። ለገንዘብ የሚያስቡ ሰብሳቢዎች የፕላስቲኩን ጥንድ ፈልጋችሁ ተኩ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ጣሊያን የሠራው ሽጉጥ በሚሊዮን ከሚቆጠሩት መካከል ነው፤ ያን ቀንድ የጠረበው አንጥረኛ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ ምናልባትም የአያትዎ ጎረቤት። ሽጉጡ ኢትዮጵያዊ የሆነበት ቦታ ያ ነው። ቀንድን ነፍሳት ይበሉታልና በየጊዜው ይዩት።

ወደ ተኩሱ ስንመጣ፣ እዚህ አገር «ዘጠኝ ሚሊ» የሚባለው ጥይት አንድ ዓይነት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የእርስዎ ሽጉጥ የሚበላው 9 ኮርቶ፣ ማለትም ቀለሁ 17 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ነው። የሩሲያው ሽጉጥ የማካሮቭ ጥይት 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን አረሩም ወፍራም ነው፤ ዛሬ በብዙ ዘመናዊ ሽጉጦች የሚገባው ፓራቤለም ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ሆኖ ኃይሉ በብዙ ይበልጣል። ማንም «ይሄው ይሠራል» ብሎ የሌላውን ጥይት ቢያቀብልዎ አይቀበሉ። በሣጥኑ ውስጥ የአያትዎ ዘመን ጥይት ቢገኝም ለፖሊስ ይነገር እንጂ አይተኮስ።

ከቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ይህንኑ ሞዴል እዚህ ከሕጋዊ ነጋዴ ገዝቼ አልፎ አልፎ በተኩስ መለማመጃ ቦታ እተኩስበታለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን የዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች ለማስታወሻ ብለው ብዙ ስላመጡ እዚህ ብርቅ አይደለም፤ ጥይቱም በሌላ ስም፣ «ሦስት ሰማንያ» ተብሎ ይሸጣል። እንደ ልምዴ ከሆነ ትንሽ ብትሆንም ብረቷ ከባድ ስለሆነ በእጅ ላይ ትረጋለች። ምላጯ ጠንከር ይላል፣ የማነጣጠሪያዋም ጥርስ ደቃቅ በመሆኑ መነጽር ለምንለብስ ሰዎች ያስቸግራል። የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ማቀባበያውን ከፍቶ የሚይዘው ባዶው ካዝና ራሱ ነው፤ ስለዚህ ካዝናውን ለማውጣት ጉልበት ይጠይቃል፣ እንደወጣም ማቀባበያው በኃይል ይዘጋል። አውራ ጣት እዚያ ከተገኘ ማዘን ነው።

መተኮሷን የምወደው ቢሆንም የእርስዎን እንዲተኩሱ አልመክርም። እኔ ያረጀውን የምልሰት ሽቦ በአዲስ ለውጬ፣ በባለሙያ አስመርምሬ ነው የምተኩሰው፤ የእኔ ብትሰበር ሌላ እገዛለሁ፣ የእርስዎ ግን ምትክ የለውም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችዎ «አምጣልን» ቢሉም በሻንጣ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ወደዚህ የሚገባ መሣሪያ አስቀድሞ ከፌዴራል መንግሥቱ ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ከኢትዮጵያ ሲወጣም የራሱ ሕግ አለው።

የቡልጋ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካዝናው በባለሙያ እጅ ወጥቷል፤ ጥይት አልነበረበትም። ወንድሜም የግምጃ ቤትን ጽሑፍ ካነበብኩለት በኋላ የኒኬሉን ነገር ትቶታል። የማይጨው ነገር ግን ከንክኖኝ የአባቴን ታናሽ ወንድም ጠየቅኋቸው። አጎቴ «አባባ ማይጨው መዝመታቸው እውነት ነው፤ ሽጉጡን ግን ያመጡት ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አሉኝ። ታሪኩ ከሁለት አንዱ መሆኑ ነው እንግዲህ?

አሮጌ ብረት

ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ የሆኑ ይመስለኛል፤ ማይጨው የዘመተ ሰው ቤት ውስጥ የጣሊያን ሽጉጥ ካለ፣ ልጆቹ ከማይጨው የመጣ ነው ማለታቸው የሚጠበቅ ነው። የአጎትዎ ቃል ከብረቱ ጋር ይስማማል። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ግንቦት የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ፣ ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ቆየች። በእነዚያ ወራት የጣሊያን መሣሪያ በየቦታው ስለተበተነ በምርኮም፣ በስጦታም፣ በግዢም ሊገኝ ይችል ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት የአርበኝነት ዓመታት፣ ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ ሲዋጉ በነበሩበት ጊዜ በደፈጣ የተማረከ መሆኑም ሽጉጡ ላይ ከተጻፈው 1937 እ.ኤ.አ. ጋር አይጋጭም። ይህን የሚለየው ብረቱ ሳይሆን ወረቀት ነው፦ አያትዎ የአርበኝነት ሜዳይ ወይም የምስክር ወረቀት ተቀብለው እንደሆነ፣ በማን አዝማችነት እንደዘመቱ የሚገልጽ ነገር ሊኖርበት ይችላል። በጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር በኩልም ስማቸው ተመዝግቦ እንደሆነ ቢጠይቁ አይከፋም። አጎትዎን ደግሞ «ከማን ሰሙ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ የሰሙበትንም ሰው ስም ከቃላቸው ጋር ይጻፉ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የአፎቱን ክዳን ገልጠው ከውስጥ በኩል በቀለም የታተመ ወይም በስለት የተጫረ ስም ወይም ቁጥር እንዳለ ይመልከቱልኝ፤ ወታደሮች ስማቸውን የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ ነው።