ማይኤስኪውኤል ግንኙነት እየቆረጠ አስቸገረኝ፤ ከታይምአውቶቹ (ከጊዜ ገደቦቹ) የትኛውን ልንካ?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። እህል በሚገዛ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ነው የምሠራው። መረጃችንን የምናስቀምጥበት ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል 8 ነው፤ ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ተጭኗል። መጋዘን ያሉት ልጆች የጤፉንና የስንዴውን ገቢ የሚመዘግቡት በዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው ቅርንጫፍም በሞባይል ኢንተርኔት፣ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ይገባል።

ችግሩ ሦስት ዓይነት ነው። ጠዋት 2፡30 የመጀመሪያውን ደረሰኝ ሊመዘግቡ ሲሉ ስህተት ቁጥር 2006 ይመጣል፤ «ሰርቨሩ ሄዷል» ይላል። ፍኖተ ሰላም ደግሞ ከምሳ ሲመለሱ ፕሮግራሙ ድርቅ ይልባቸዋል። ኢንተርኔት በጠፋ ቀን ደግሞ እዚሁ ሰርቨሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር እንኳ ለመግባት ብዙ ይቆያል። ይሄ በጣም ነው ግራ ያጋባኝ።

ባልደረባዬ «ኮኔክት ታይምአውትን 600 አድርጊውና ተገላገይ» አለኝ። ያዋጣል? ገበሬው እህሉን አራግፎ ደረሰኝ ለመቀበል ቆሞ ሲጠብቅ ማየት ከብዶኛል።

መልስ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ እሱን አትንኪው። ኮኔክት ታይምአውት ሰርቨሩ በር ላይ ሆኖ «ማን ልበል?» ብሎ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ካልተነካ 10 ሰከንድ ነው። ሰው አንዴ ከገባ በኋላ ምንም ሥራ የለውም። የአንቺዎቹ ደግሞ ጠዋት የሚቆረጡት ከገቡ በኋላ ነው።

የጠዋቱ ጥፋተኛ ዌይት ታይምአውት ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠን ግንኙነት ሰርቨሩ የሚዘጋበት ጊዜ ማለት ነው። ካልተነካ 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ነው። ልጆቹ ማታ 11፡30 ሲወጡ ፕሮግራሙን ክፍት ትተው የሚሄዱ ከሆነ እስከ ጠዋት 2፡30 ድረስ 15 ሰዓት ያልፋል። ሰርቨሩ ሌሊት ዘግቶታል፤ ፕሮግራሙ ግን አላወቀም።

መልስ፣ ቡሬ

እንግዲያው 86,400 አድርጊው፣ አንድ ሙሉ ቀን። አለቀ።

መልስ፣ ባሕር ዳር

አያልቅም ወንድሜ። ቅዳሜ ተዘግቶ ሰኞ ሲከፈት ያው ስህተት ይመጣል። ደግሞ የተኙ ግንኙነቶች ይከማቻሉ። ማክስ ኮኔክሽንስ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው የግንኙነት ብዛት፣ ካልተነካ 151 ነው፤ እሱ ሲሞላ አዲስ ሰው አይገባም። መፍትሔው ፕሮግራሙ ላይ ነው። ከመመዝገቡ በፊት ግንኙነቱ በሕይወት መኖሩን ይፈትሽ፣ ከሞተ አዲስ ይክፈት። ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው ይህን ጠይቂው፤ ለሚያውቅበት ትንሽ ሥራ ነው።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሙከራ በሴት ግሎባል ትእዛዝ ዌይት ታይምአውትን 120 አደረግሁት። ወጥቼ ገብቼ በሾው ቫሪያብልስ ትእዛዝ ሳየው ግን አሁንም 28,800 ይላል። ለምን?

መልስ፣ ዳንግላ

ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። የምታዪው በማይኤስኪውኤል የትእዛዝ መስኮት ነው አይደል? እሱ ሲገባ ዋጋውን የሚወስደው ኢንተራክቲቭ ታይምአውት ከሚባለው ሌላ ቅንብር ነው። እሱም 28,800 ነው። ሾው ግሎባል ቫሪያብልስ ብለሽ እዪው፣ 120 ሆኖ ታገኚዋለሽ። ቀድሞ የገቡት ግን የድሮውን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ለውጡ ለአዲስ ገቢ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳም ለውጡ ይጠፋል፤ እንዲቆይ ከፈለግሽ ሴት ፐርሲስት በዪ። ሙከራው ሲያልቅ መመለሱን እንዳትረሺ!

ወደ ፍኖተ ሰላም ልምጣ። የምሳ ሰዓት 8 ሰዓት አይሞላም፣ ስለዚህ ማይኤስኪውኤል አይደለም። እኔ የምጠረጥረው መሐል ያለውን ራውተር ወይም የሞባይል ኔትወርኩን ነው። ዝም ያለ ግንኙነት ሲያገኙ ለማንም ሳይናገሩ ከመዝገባቸው ይሰርዙታል። ስህተት መምጣቱ ቀርቶ ድርቅ የሚለውም ለዚህ ነው። ሊኑክስ «አለህ ወይ?» የሚል ኪፕአላይቭ ፓኬት ይልካል፤ ግን የመጀመሪያውን የሚልከው ከ7,200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ሰርቨሩ ላይ በሲስኮንትሮል (የሊኑክስን ቅንብር በሚቀይረው ትእዛዝ) ቲሲፒ ኪፕአላይቭ ታይምን 300 አድርጊው። ከዚያ ማይኤስኪውኤልን አስነሽና ፍኖተ ሰላሞቹ እንደገና ይግቡ።

መልስ፣ ባሕር ዳር

ሦስተኛው የስም ፍለጋ ይመስለኛል። ማይኤስኪውኤል ሰው ሲገባ የአይፒ ቁጥሩን ይዞ ስሙን ዲኤንኤስ የሚባለውን የስም ማውጫ ይጠይቃል። የምትጠቀሙት ዲኤንኤስ ውጭ ያለ ከሆነ ኢንተርኔት ሲጠፋ መልስ የለም፤ ሰርቨሩ ግን ይጠብቃል። ጎን ላለው ኮምፒውተርም ያው ነው። የቅንብር ፋይሉ ላይ ስኪፕ ኔም ሪዞልቭን (የስም ፍለጋውን የሚያስቀረውን) ክፈቺና ሰርቨሩን አስነሺው፣ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

ኪፕአላይቩን ቀይሬዋለሁ፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምሳ መልስ ምንም ሳይደርቅባቸው ገብተው ሠርተዋል። ተባረኩ! የስም ፍለጋውን ዛሬ ማታ ልዘጋው ነው። የምጠነቀቀው ነገር አለ?

መልስ፣ ባሕር ዳር

አዎ፣ አንድ ነገር። አስቀድመሽ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር እዪ። ሆስት የሚለው ዓምድ ላይ በኮምፒውተር ስም የተፈቀደለት ካለ፣ ፍለጋው ሲዘጋ እሱ መግባት አይችልም። ወደ አይፒ ቁጥር ቀይሪለትና ከዚያ ሰርቨሩን አስነሺ።