ኮረብታው በገልባጭ መኪና እየተጫነ ነው፤ ዋሻውን ለማትረፍ ማኅበር እንዴት እናቋቁም?

ጠያቂ፦ የገጠር መምህር (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ አለ፤ በወገቡ ላይ ደግሞ ዋሻ። አፉ ጠባብ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ሃያ እርምጃ ያህል ከገባችሁ በኋላ ግን ቀና ብላችሁ ትቆማላችሁ። ከጣሪያው ነጫጭ ድንጋዮች ተንጠልጥለዋል፤ በክረምት ከጫፋቸው ውኃ ጠብ ይላል። እረኞች በፀሐይ ጊዜ ፍየሎቻቸውን ያስጠልሉበታል። የሌሊት ወፍም ሞልቶበታል።

ካቻምና ከኮረብታው በስተ ምሥራቅ የድንጋይ ካባ ተከፈተ። ድማሚት ሲፈነዳ የሰባተኛ ክፍል መስኮት ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ወር ወደ ዋሻው ስገባ ከተንጠለጠሉት ድንጋዮች ሦስቱ ተሰብረው መሬት ላይ አገኘኋቸው። ፈንጂው ይስበራቸው፣ ልጆች ይስበሯቸው አላወቅሁም።

ሰባት ሆነን የበጎ ፈቃድ ማኅበር ልናቋቁም ተስማምተናል። ለመጪው ቅዳሜ ተማሪዎች ይዘን የጽዳት ዘመቻ አዘጋጅተናል፤ ኩሱን ጠርገን፣ ወለሉን ደልድለን፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ስም በብረት ብሩሽ ልናጠፋ። ጥያቄዬ፦ ማኅበሩን የት ነው የምናስመዘግበው? ካባውንስ ማስቆም እንችላለን? የዋሻውን አፍ ፎቶ ከዚህ በታች አያይዣለሁ።

መላሽ፦ የአፈርና የድንጋይ ተማሪ

ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና የቅዳሜውን ዘመቻ ሰርዘው። ብሩሹንም አካፋውንም ወደ ቤት መልስ።

ምክንያቱን ሩቅ አትፈልገው፤ እዚያው ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርደን እና አንሪ ደ ሞንፍሬድ እ.ኤ.አ. በ1929 ደረሱበት፤ በ1933 ተቆፈረና የሰው መንጋጋ ስባሪ ወጣበት፤ በ1970ዎቹም የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ዴዝመንድ ክላርክ እንደገና ቆፈረው። ከዚያ ወለል 4,213 የቀይ አፈር ቁርጥራጮች ተለቅመዋል፤ ክብደታቸው ወደ 40 ኪሎ ይደርሳል። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች እያመጡ የፈጩት ቀለም ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ መሐላቸው የተበሳ የቀንድ አውጣ መክደኛዎችም (የቅርፊቱን አፍ የሚዘጉት) ተገኝተዋል፤ እያንዳንዱ ከአዝራር አይበልጥም። መጥረጊያ የያዙ ሠላሳ ተማሪዎች በአንድ ጠዋት ምን እንደሚያደርጓቸው አስበው። የእናንተ ዋሻ ይህ ሁሉ አለበት አልልም። የለበትም ብሎ መደልደል ግን አይቻልም። አፈሩ ተደራርቦ የተኛበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃው ነው፤ አንዴ ከተገለበጠ አይመለስም።

ብሩሹም እንደዚያው ነው። በፖርክ ኤፒክ ግድግዳ ላይ የደበዘዙ ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ፤ ገሚሶቹ ስስ የኖራ ሽፋን ለብሰዋል። ከ«አበበ ወደ እዚህ መጥቷል» ሥር ምን እንዳለ ባለሙያ ሳያይ አትፈግፍጉ።

ስለ ስብራቱ፦ አዲስ ስብራት ውስጡ ነጭና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የቆየው በአቧራ ይደበዝዛል። ከፍታውን ተመልከት። የተሰበረው ሁሉ የልጅ እጅና ዱላ በሚደርስበት ቁመት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ፈንጂውን ለመክሰስ አትቸኩል። እጅ የማይደርስበትም ከወደቀ፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። ከአንድ ቦታ ቆመህ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠህ፣ በየወሩ ፎቶ አንሣ። የወደቀውን ቁራጭ ለማስታወሻ ብላችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ። ምዕራብ ሐረርጌ መቻራ አካባቢ ካሉት ዋሻዎች የተወሰዱ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ የሚጨመር ንብብር አላቸው፤ ተመራማሪዎች የጥንቱን ዝናብ ያነበቡት ከእነርሱ ነው።

መላሽ፦ ጥብቅና ላይ ያለሁ

ወደ ወረቀቱ እንግባ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር ለማቋቋም አምስት ሰው ይበቃል፤ ሰባት ናችሁና ቁጥሩ አያሳስባችሁም። የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ ሕግ ይመዘገባል፤ ድሬዳዋ ግን ከተማ አስተዳደር ስለሆነች ጉዳያችሁ የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ማውጣት አይችልም፤ ከጅምሩ ቢሮ ተከራይታችሁ እንዳትሞኙ። ከመሄዳችሁ በፊት የተሻሻለ ነገር ካለ ጠይቁ።

ነገር ግን ምዝገባው ኮረብታውን አይሰጣችሁም። ብዙ ማኅበር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ማኅተም አስቀርጾ፣ ቲሸርት አሳትሞ፣ ለማን ምን እንደሚጽፍ ሳያውቅ። ካባውን «ለማስቆም» አትነሡ። መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የፈቃዱ ክልል በካርታ የት ድረስ ነው? የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱስ ዋሻውን ይጠቅሳል? ቅርስ ያለበት መሬት ለማዕድን ሥራ እንደማይሰጥ በሕግ ተደንግጓል፤ ሆኖም ቅርስ መኖሩን ማንም ካላስመዘገበ ፈቃድ ሰጪው ከየት ያውቃል? በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በቁፋሮ መሐል ቅርስ ያገኘ ሰው የማሳወቅና ያገኘውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ለቅርስ ባለሥልጣንና ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ይሁን፤ ክስ ሳይሆን ጥቆማ፣ «ባለሙያ ላኩልን» የሚል። ይህን ለማድረግ ማኅበር መሆንም አያስፈልግም። በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፉ።

ምዝገባው እስኪያልቅ በትምህርት ቤት ክበብ ሥር መንቀሳቀስ ትችላላችሁ። ልምድ ካለው ጋርም ተነጋገሩ፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ።

መላሽ፦ ስድስት ዓመት ካባ ላይ

እኔም ከዚያው አካባቢ ነኝ፤ ድሬ ስለሆንን አንተ ልበልህ። ድንጋይ ጭኛለሁ፣ አሁን መሰርሰሪያ ላይ ነኝ። ሁላችሁም ስትጽፉ አንብቤ አንድ ጫኝ «ምን ትላለህ» ተብሎ ሲጠየቅ አላየሁም። ከሰባታችሁ ውስጥ ከካባው የሚበላ አለ? ከሌለ ማኅበራችሁን መንደሩ «እንጀራችንን ሊዘጉ የመጡ መምህራን» ብሎ ነው የሚጠራው። የምትኖርበት ቤት ብሎኬትም ሲሚንቶ አለበት፤ ሲሚንቶ ደግሞ ኖራ ድንጋይ ነው።

አሁን የማውቀውን ልንገርህ። ስንሰረስር አንዳንዴ ብረቱ በድንገት ባዶ ውስጥ ይወርዳል፤ እጅህ ላይ ይቀልልሃል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ከቀዳዳው የሚወጣው አቧራ ይቆማል። ከሥር ዋሻ አለ ማለት ነው። አለቃ ካየ «ድፈኑና አንድ ሜትር ዘወር በሉ» ይላል፤ ባዶ ውስጥ የገባ ፈንጂ ለእርሱም ኪሳራ ነውና። ባለፈው ዓመት እኔ ብቻዬን አራት ጊዜ ገጥሞኛል፣ አራቱም ወደ እናንተ ባለው ጎን። ይህን የሚያውቀው መሐንዲስ አይደለም፣ ሰርሳሪው ነው። ካባው በሌላው ጎን ቢቀጥል ማናችንም ሥራ አናጣም፤ ጥያቄያችሁን እንዲህ አድርጋችሁ ብታቀርቡት ከጎናችሁ የሚቆም አለ።

መላሽ፦ የገጠር ነርስ

ለጤና የሚናገር አልመጣምና ልግባ። የሌሊት ወፍ ኩስ ሲደርቅና ሲቦን ሳንባን የሚያጠቃ ሻጋታ ሊኖርበት ይችላል፤ የሚያመጣው በሽታ ሂስቶፕላዝሞሲስ ይባላል። ልጆችን አስገብቶ ኩስ ማስጠረግ ማለት ያንን አቧራ ማስተንፈስ ነው። ተራ የጨርቅ ጭንብል አይመክተውም። ከገባችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና ደረቅ ሳል የያዘው ሰው ካለ፣ ለሐኪሙ ዋሻ መግባቱን ይንገር፤ አለዚያ ሳንባ ነቀርሳ ተብሎ ሊንገላታ ይችላል።

ደግሞ ብቻውን የሚገባ አይኑር። ቢያንስ ሦስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መብራት፣ የግንበኛ ቆብ፣ ውጭ ደግሞ የምትመለሱበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው። ጄኔሬተር ውስጥ አታስገቡ፤ ጭሱ ይገድላል። የሌሊት ወፎቹ ግልገል ታቅፈው ካያችሁ ውጡ፤ የደነገጠች እናት ልጇን ትጥላለች። ደመና ካለ ደግሞ ዝም ብሎ መቅረት ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ያደረገውን ድሬዳዋ አልረሳችም፤ ያ ጎርፍ ሲመጣ ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነበር።

መላሽ፦ ከቤት ሼሜሽ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ከከተማችን አጠገብ አንድ ዋሻ አለ፣ ሶሬቅ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1968 የድንጋይ ካባ ፈንጂ ሲፈነዳ ነው አፉ የተከፈተው፤ 82 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሜትር ስፋት፣ ውስጡ በተንጠለጠለ ድንጋይ የተሞላ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዝም ማለት ነበር። ሰው እንዳይዘርፈው ቦታውን ለዓመታት ደብቀው፣ መተላለፊያና መብራት ካበጁ በኋላ ነው ለሕዝብ የከፈቱት።

ስለዚህ መምህር፣ ያያዝከውን ፎቶ ከዚህ ላይ አውርደው። ከበስተጀርባው የትምህርት ቤቱ ጣሪያና የውኃ ታንከሩ ይታያል፤ ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ያገኘዋል።

መላሽ፦ የባሌ ልጅ

ባጭሩ፦ ሽማግሌዎቹን አነጋግራችኋል? እኛ ዘንድ ሶፍ ዑመር ወይብ ወንዝ የሚያልፍበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የተለካ ዋሻ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1972 መጥተው ካርታውን አነሡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ሁሉ የጠበቁት ግን በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጸልዩበት ሰዎች ናቸው። የእናንተም ዋሻ በመንደሩ ዘንድ ስም ወይም ታሪክ ይኖረዋል። ጻፉት፤ ከጥቆማው ጋር አያይዙት።

ጠያቂ፦ የገጠር መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፎቶውን አውርጄዋለሁ። ዘመቻው ተሰርዟል፤ ተማሪዎቹ ተከፍተዋል፣ በምትኩ ከዋሻው ውጭ ያለውን የፕላስቲክ ቆሻሻ ለቀምን፣ ሦስት ማዳበሪያ ሞላ። ከሰባቱ አንዱ የነበረው የሒሳብ መምህር «ካባውን ካልዘጋን ምን ዋጋ አለው» ብሎ ወጥቷል። ሰርሳሪው ወንድሜን ደግሞ ሻይ ቤት አግኝቼ አራቱን ቦታዎች በወረቀት አስነድፌዋለሁ፤ ስሜን አትጻፍ ብሎኛል፣ አልጽፍም።

የተሰበሩትን ለካሁ። ሁለቱ ከመሬት ሜትር ተኩል ላይ የነበሩ ናቸው። ሦስተኛው ግን ከአራት ሜትር በላይ ነው፣ ስብራቱም ነጭ ነው።

ደብዳቤውን አንደኛው ቢሮ ተቀብሎ ቁጥር ሰጠኝ። ሁለተኛው «የሚመለከተው ክፍል አይደለንም» ብሎ ሳይመዘግብ መለሰኝ። ምን ላድርግ? ሌላም ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል ግድግዳ ስንጥቅ አለበት፤ እንዴት ልከታተለው?

መላሽ፦ የአፈርና የድንጋይ ተማሪ

ስንጥቁ ላይ አግድም ትንሽ ጀሶ ለጥፍ፣ ሲደርቅ ቀኑን ጻፍበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰነጠቃል። ፈንጂ የሚፈነዳበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ያዝ። ይህን ግን ዋሻው ውስጥ አታድርገው፤ ለክፍሉ ብቻ ነው።

መላሽ፦ ጥብቅና ላይ ያለሁ

ያልተቀበለህ ቢሮ ጋር አትከራከር። ፖስታ ቤት ሄደህ በአደራ ደብዳቤ ላከው፤ የሚሰጡህን ደረሰኝ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር ስፋው። የአራት ሜትሩን ስብራት ፎቶ አሁን አትላክ፤ ባለሙያ ሲመጣ በዓይኑ ይየው።