ለሻንጣ ለብቻ መክፈል፦ ተገቢ ነው ወይስ ኪስ ማራገፍ?

የዴንቨሯ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ስሄድ ከዴንቨር እስከ ዋሽንግተን ሳውዝዌስት በሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር የምሄደው፣ ከዚያ ወዲያ ግን በሌላ ትኬት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ሁለት ሻንጣ በነፃ ስለሚጭን ብቻ ነው። ከሜይ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚቆረጥ ትኬት ግን ይኼ ቀረ። ለመጀመሪያው ሻንጣ 35፣ ለሁለተኛው 45 ዶላር ተባለ። ደርሶ መልስ 160 ማለት ነው። ከባለቤቴ ጋር 320! በዚህ ገንዘብ ስንት ሰው ጫማ ይገዛለት ነበር። ጥያቄዬ ይኼ ነው፤ ለሻንጣ፣ ለወንበር፣ ለእጅ ሻንጣ ለየብቻ ማስከፈል ተገቢ ነው? «ንግድ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይምጣ።

የካውንተር ልጅ፦
መጥቻለሁ። ኤርፖርት ነው የምሠራው፣ የት እንደሆነ ይቅር። እህቴ፣ ሻንጣ ነዳጅ ይበላል። የሚጭነው ሰው ደመወዝ አለው። ሲጠፋ ፈልጎ ቤትሽ የሚያደርስልሽም አለ። ድሮም ቢሆን ነፃ አልነበረም፣ ሒሳቡ ትኬቱ ውስጥ ነበር። ላፕቶፕ ብቻ ይዞ የሚበር ሰው የእኛን በርበሬና ሽሮ ለምን ይክፈል? አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል የጀመረው በ2008 ነው። በዚያ ዓመት የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በበርሜል እስከ 147 ዶላር ወጥቶ ነበር። ያለ ምክንያት የመጣ ነገር አይደለም።

አባ ሒሳብ፦
ዘይቱ ከዚያ በኋላ ወረደ። 15 ዶላሯ ወረደች? ይባስ ብላ 35 ደረሰች እንጂ። ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ትኬት ላይ 7.5 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለ። የሻንጣ ክፍያ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ከትኬቱ ዋጋ 80 ዶላሩን ቀንሰህ «የሻንጣ» ካልከው 6 ዶላር ታክስ ቀረ። ለአንድ መንገደኛ ምንም አይደለም። በሚሊዮን አባዛውና ንገረኝ።

የካውንተር ልጅ፦
የታክስ ሕጉን እኛ አላወጣነውም።

አባ ሒሳብ፦
አላወጣችሁትም። ተመቻችሁበት ነው ያልኩት።

ጋሽ ሾፌር፦
ልጆች፣ እኔ ለጭነት መክፈል አይገርመኝም። በወጣትነቴ ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመላለስ ለጆንያ ይከፈል ነበር። ረዳቱ ጆንያውን በእግሩ ገፋ ያደርግና ዋጋ ይጠራል። እኔ ግማሹን እላለሁ። ተጨቃጭቀን ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ በቃ። ግን ረዳቱ ዋጋውን የሚነግረኝ ከመሳፈሬ በፊት ነው። ባለፈው ልጄ ትኬት ስትቆርጥልኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። 89 ዶላር ብሎ ጀመረ። ወንበር ስትመርጥ ጨመረ፣ ሻንጣ ስትል ጨመረ፣ ካርድ የሚገባበት ቦታ ስንደርስ 200 ገብቷል። እኔ የማልወደው ይኼን ነው። ዋጋውን መጀመሪያ ንገሩኝ፣ እከፍላለሁ ወይ እተወዋለሁ።

የካውንተር ልጅ፦
እዚህ ላይ ልክ ነዎት ጋሼ፣ አልከራከርም። በ2024 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ክፍያዎቹ ከመጀመሪያው ይታዩ የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። አየር መንገዶቹ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤትም አገደላቸው።

ባርሴሎና፦
እናንተ ስለሚጫን ሻንጣ ታወራላችሁ። እዚህ የእጅ ሻንጣም ያስከፍላል! በቀደም መሳፈሪያው በር ላይ ሻንጣ የሚለካባት ያቺ የብረት ሳጥን ውስጥ ክተቺ ተባልኩ። ገባ፣ ጎማው ብቻ ሁለት ጣት ያህል ቀረ። ከፈትኩና ጃኬቱን ለበስኩ። ሹራብ ደረብኩበት። ኪሴ ውስጥ ቻርጀርና የልጅ ዳይፐር ጠቀጠቅኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሻንጣው ሳሳ፣ ጎማው ግን ጎማ ነው፣ አይለበስ ነገር። ትኬቱን ከገዛሁበት በላይ ከፈልኩ።
የአውሮፓ ፍርድ ቤት እኮ በ2014 መጠኑና ክብደቱ ልከኛ የሆነ የእጅ ሻንጣ የጉዞው አካል ነው፣ ተጨማሪ አይከፈልበትም ብሎ ነበር። ለሚጫነው ማስከፈል ይቻላል አለ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ስፔን አምስት አየር መንገዶችን 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች። ራያንኤርና ኢዚጄት አሉበት። እነሱ ቅጣቱን ተቃወሙ፣ እኛ መክፈላችንን ቀጠልን።

የዴንቨሯ፦
«ጎማ አይለበስ ነገር» ገደልሽኝ።

የመንታ እናት፦
የእኔ ቁስል ወንበር ነው። የአምስት ዓመት ልጆቼን አንዱን ረድፍ 19፣ አንዱን 27 ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ 31 ነኝ። አብረን ለመቀመጥ ለእያንዳንዳችን ክፈይ ተባልኩ። አልከፈልኩም፣ እልህ ያዘኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት ተማሪ ተነሥተው ለቀቁልን። የእነሱን ደግነት ኩባንያው ሊሸጥልኝ ነበር ማለት ነው። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት አምስት አየር መንገዶች ከ2018 እስከ 2023 ከወንበር ክፍያ ብቻ 12.4 ቢሊዮን ዶላር ሰብስበዋል። ወንበሩ እኮ ነዳጅ አይበላም። ረድፍ 19 ብቀመጥ 31 ያው ነው ክብደቴ።

የካውንተር ልጅ፦
የወንበሩን ነገር... መልስ የለኝም። ግን ሁሉን ነገር አናጨልም። ሰዓት ሲቀይሩብን ቫውቸር፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ ለሌላ ጉዞ የሚሆን ኩፖን፣ ይዘን ዝም የምንልበት ጊዜ አልፏል። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ከአሜሪካ የሚነሣ ወይም ወደዚያ የሚሄድ በረራ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተዛወረ፣ የአገር ውስጡ 3 ሰዓት ከሆነ፣ «አልሄድም» ብላችሁ ገንዘባችሁን መቀበል ትችላላችሁ። ቫውቸር ሲሰጧችሁ እሺ አትበሉ። ይኼን የምነግራችሁ ሥራዬን ወድጄ አይደለም።

አባ ሒሳብ፦
ለዚህ እናመሰግናለን። ወደ ሳውዝዌስት ልመልሳችሁ። በሴፕቴምበር 2024 ራሳቸው ለባለአክሲዮኖች ምን አሉ መሰላችሁ? ሻንጣ ብናስከፍል እስከ 1.5 ቢሊዮን ዶላር እናገኛለን፣ ደንበኛ ሸሽቶን ግን 1.8 ቢሊዮን እናጣለን። በስድስት ወር ውስጥ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ኤሊዮት የሚባል ባለሀብት ድርጅት ብዙ አክሲዮን ገዝቶ ትርፍ ጨምሩ እያለ ሲያስጨንቃቸው ነበር። የካውንተር ልጅ፣ ነዳጅ ነው ያልከን። እኔ ነዳጅ አልታየኝም። ደግሞ ወዴት እንሸሻለን? ሁሉም ያስከፍላል።

ዝምተኛው፦
እስካሁን እያነበብኩ ነበር። የዴንቨሯ፣ አንቺ 160 የምትከፍዪው ትኬቱን ለየብቻ ስለቆረጥሽ ነው። ከዴንቨር አዲስ አበባ በአንድ ትኬት ከሆነ፣ በአሜሪካ ደንብ መጀመሪያ ላይ የተሰጠሽ የሻንጣ መጠን እስከ መጨረሻው ይሠራል። ወደ አዲስ አበባ ሁለት ሻንጣ ከፈቀዱልሽ የአገር ውስጡም አየር መንገድ ሳያስከፍል ይጭነዋል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጥሽም ጣጣው የእነሱ ነው።

የዴንቨሯ፦
ይኼን ማንም ነግሮኝ አያውቅም! ቆይ ልየው።
...
አየሁት። ለሐምሌ በአንድ ትኬት ከቆረጥኩ ለየብቻ ከምቆርጠው 190 ዶላር ይበልጣል። የሻንጣውን 160 ስቀንስ 30 ዶላር። ለሁለታችን 60። ያም ሆኖ ዋሽንግተን ላይ ሻንጣ ተቀብዬ፣ ጋሪ ፈልጌ፣ እንደገና ከመሰለፍ ይሻላል። በአንዱ ትኬት ልቆርጥ ነው። ግን ሒሳቡ ለዚህ ያህል መጠላለፉ ራሱ ያናድዳል። ሦስት ስክሪን ከፍቼ በወረቀት ነው ያሰላሁት።

አባ ሒሳብ፦
እንዲጠላለፍ ነው የተሠራው።

የካውንተር ልጅ፦
እሱስ... በነገራችን ላይ የዴንቨሯ፣ ሁለቱንም ሻንጣ ትሞዪዋለሽ? የእናቴ መድኃኒት አለ። ሁለት ኪሎ አይሞላም።