ፍሪዘሬ −18 ይላል፣ በረዶው ግን ይቀልጣል

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው፤ ውሃና በረዶ እሸጣለሁ፣ የልጆቼ እንጀራ ከዚህ ፍሪዘር ነው። ከሰኞ ጀምሮ ስክሪኑ −18 ይላል፣ የላስቲክ በረዶዎቹ ግን ለስልሰዋል። ሞተሩ ትንሽ ሠርቶ ቶሎ ይጠፋል። ባለሙያ ጠርቼ ጋዝ ይሞላ አለኝ፤ ልቤ አልተቀበለውም። በዚህ ሙቀት ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
አቦ እህቴ፣ ጋዝ እንዳታስሞዪ! ጋዝ ቢጎድል ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራ ነበር። ያንቺ የሚጠፋው በርዷል ብሎ ስላመነ ነው፤ የዋሸው ቅዝቃዜውን የሚለካው ሴንሰር ይመስለኛል። የእነዚህ ሴንሰሮች ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅም፣ በኦም ይለካል) ቅዝቃዜ ሲጨምር ይጨምራል። እርጥበት ገብቶ ግንኙነቱ ከዛገም ሬዚስታንሱ ከፍ ይልና ሞተሩን የሚያዘው ቦርድ «በጣም ቀዝቅዟል» ብሎ ይረዳዋል። ሶኬቱን ንቀዪ፣ ሴንሰሩን ከቦርዱ አላቅቂና ጫፉን በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ብርጭቆ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዪው፤ ያ 0 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኪ። በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነ ዓይነት ከሆነ 30 ኪሎ ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ሌላ ዓይነትም ስላለ የራሱን ቁጥር አረጋግጪ።

መልስ 2፦
ገመዱን እያወዛወዝሽ ለኪ። የእኔ ከዚራ ያለው ፍሪዘር ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነበር፣ ሴንሰሩ ደህና ነበር።

ጠያቂዋ፦
ጎረቤቴ መልቲሜትር ይዞ መጣ። በበረዶው ውሃ 52 ኪሎ ኦም፣ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ከ10 በላይ እየዘለለ አልረጋ አለ። ገመዱ ሲነካም ለውጥ የለውም። ነገ ጠዋት አዲስ ሴንሰር ልፈልግ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ እወርዳለሁ፤ አሮጌውን ይዤ። እግዜር ይስጥልኝ!