የመዘዞ ድቡልቡል ድንጋይና የማርስ ድንጋዮች

የቆፋሪው ልጅ (መዘዞ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ያሳደገኝ ሰሜን ሸዋ ካለው ከመዘዞ ገደል ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ እየቆፈረ ነው። የእኛ ኦፓል ድቡልቡል ድንጋይ ውስጥ ያድራል። ብርቱካን የሚያህለውን በመዶሻ ስትፈረክሱት አንዳንዱ ባዶ ነው፤ አንዳንዱ ግን ቡናማ ሆኖ በውስጡ ቀይና አረንጓዴ እሳት ይንቦገቦጋል። ትናንት ማታ በስልኬ የማርስ ፎቶግራፍ አየሁ። መሬቱ ላይ ድቡልቡል ጠጠር እንደ ሽምብራ ፈስሷል፤ ከሥሩ «ይህን የሠራ እጅ አለ» ይላል። ለአባቴ ባሳየው «የእኛንስ ማን ጠፈጠፈው?» አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ድንጋይ ያለ ሠሪ እንዲህ ይከብባል?

መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
አባትህ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። ያየኸው እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ ሮቦት ያገኘችውን ከሆነ፣ ጠጠሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሄማታይት የሚባል የብረት ማዕድን ሞልቶበታል። በአለቱ ውስጥ የሰረገ ውኃ ማዕድኑን አንድ ነጥብ ላይ ማስቀመጥ ይጀምራል፤ ክምችቱ በየአቅጣጫው እኩል ስለሚያድግ ይከብባል። ለመዘዞም ኦፓሉን የሰጣት ውኃ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ አለት ሲሊካን፣ ኦፓል የሚሠራበትን ማዕድን፣ አሟሙቶ በየክፍተቱ አስቀመጠው። ኦፓል ማርስ ላይም ተገኝቷል፤ እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ደስታዬ አዲስ ነው።

እናት ከደብረ ሲና፦
እ.ኤ.አ. በ1976 ቫይኪንግ 1 የተባለች መንኮራኩር ያነሳችው፣ የሰው ፊት የሚመስለው «የማርስ ፊት» ስንቱን አነጋግሯል! በኋላ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ሲመጣ ኮረብታ ሆኖ ተገኘ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ድንጋዩ ሁሉ ሰው ይመስላል፤ ልጆቼን ቀርባችሁ እዩ እላቸዋለሁ።

የቆፋሪው ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ታዲያ ማርስ ላይ ሕይወት ነበረ የሚባለው ወሬ ሁሉ ባዶ ነው?

መምህር፦
አይደለም፤ እዚህ ላይ ልብ በል። ፐርሴቬራንስ የተባለችው ሌላዋ የማርስ ተሽከርካሪ ሮቦት በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጄዜሮ በተባለው የማርስ ሰፊ ጉድጓድ፣ ጥንት ወንዝ በፈሰሰበት ሸለቆ፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አለት አገኘች። ላዩ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር ነው፤ የነጠብጣቦቹ ጠርዝ ጠቁሮ መሐላቸው ነጣ ይላል። በውስጡ የካርቦን ውህዶች አሉ፤ በነጠብጣቦቹም ቪቪያናይትና ግሪጋይት የተባሉ የብረት ማዕድናት ሳይኖሩ አልቀሩም። በእኛ ምድር እነዚህን ብዙ ጊዜ በረግረግ ጭቃ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይሠሯቸዋል። ያለ ሕይወትም ግን ይፈጠራሉ። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ «ምናልባት» አሉ እንጂ «አገኘን» አላሉም። ከአለቱ የተቆፈረው ናሙና በቱቦ ታሽጎ እዚያው ማርስ ላይ አለ።

የቆፋሪው ልጅ፦
ለአባቴ አነበብኩለት። «ሳይፈረከስ ዋጋ አይቆረጥለትም» አለ። ለተማሪዎችዎ የሚሆን ያልተፈረከሰ ድቡልቡል አስቀምጧል፤ ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ ይዤልዎት እመጣለሁ።