ወርሃዊ የሻይ ደንበኞቼ በሦስተኛው ወር ይጠፉብኛል፣ ምን ላድርግ?

ቅጠሉ
ሰላም ጓዶች። በየወሩ ሻይ እስከ ደንበኛው ቤት ድረስ የመላክ ሥራ ኦንላይን ከጀመርኩ ስምንተኛ ወር ሆነኝ። በአንድ ካርቶን ሦስት ዓይነት ሻይ፣ እያንዳንዱ 50 ግራም፣ ከአፈላሉ ወረቀት ጋር። አዲስ ሰው ማግኘት አልቸገረኝም፤ የመጀመሪያውን ወር በግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ፣ ሰውም ይገባል። ግን አይቆይም። ሁለተኛውን ይቀበላሉ፣ ከሦስተኛው በኋላ ቻው። በወር ከ100ው 10 ያህሉ ይሄዳሉ። ስጠይቃቸው ደግሞ «ሻይህ ግሩም ነው» ይሉኛል። ግሩም ከሆነ ለምን ትሄዳለህ ታዲያ? አሁን ያሰብኩት ከሦስት ዓይነት ወደ አምስት ከፍ ማድረግና ካርቶኑን ማሳመር ነው። ምን ትላላችሁ?

ሚዛን ያዥ
ኧረ አምስት እንዳታደርገው! መጀመሪያ ሚዛን አውጣ። ለአንድ ኩባያ፣ 200 ሚሊ ሊትር በለው፣ ከ2 እስከ 3 ግራም ቅጠል ይበቃል። 150 ግራምህ ወደ 60 ኩባያ ይወጣዋል ማለት ነው። በቀን አንድ የሚጠጣ ሰው በወር 30 ነው የሚጨርሰው። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ የ90 ኩባያ ሻይ መደርደሪያው ላይ ተርፎታል፣ ኦሎንግ የሚባለው የሻይ ዓይነት ካለበት ደግሞ አንዱ ቅጠል ሁለት ሦስቴ ውሃ ስለሚቀበል ከዚያም ይበልጣል። ሻይህን አልጠላውም፣ ማስቀመጫ ነው ያጣው።

እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ያቋረጠች አንዲት ደንበኛ የኩሽናዋን መሳቢያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፦ ሰባት ከረጢት፣ ሦስቱ ጭራሽ አልተከፈቱም፣ አንዱ አፉ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል። ምንም አልጻፈችም፣ ፎቶውን ብቻ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ወደ 25 ግራም አወረድኩት፣ ሲመዘገቡም በቀን ስንት ኩባያ እንደሚጠጡ መጠየቅ ጀመርኩ። ከማቋረጫው ቁልፍ ጎን ደግሞ «ይሄ ወር ይለፈኝ» የሚል ጨመርኩ። ሊያቋርጡ መጥተው ያንን ተጭነው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ሂሳብ አይዋሽም
የሚዛኑ ነገር ልክ ነው፣ ግን ሁሉም በገዛ ፈቃዱ እንደሄደ በምን አወቅህ? ካርዳቸው ጊዜው አልፎበት ወይም በዚያች ቀን ሂሳባቸው ላይ ገንዘብ ጠፍቶ ክፍያው ያልተሳካውን ለይተሃል? የኔ ሲስተም አንዴ ሞክሮ እምቢ ካለው ደንበኛውን ይዘጋው ነበር። እኔ ጠሉኝ ብዬ ስብሰለሰል እነሱ መውጣታቸውንም አያውቁም፣ አንዱማ «ሻዬ የት ደረሰ?» ብሎ ጻፈልኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ በድጋሚ እንዲሞክር አድርገው፣ ካርዱ ሊያልቅ ሲልም ቀድመህ ኢሜል ላክ።

ለምን እንደምጨቀጭቅህ ልንገርህ። በወር 10 በመቶ እየሄደብህ 100 ሰው ይዘህ ብትጀምር ከዓመት በኋላ የሚተርፉህ 28 ናቸው። 5 በመቶ ብታደርገው 54። በእጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው፣ ለዚያውም ለማስታወቂያ ሳታወጣ። ለግማሽ ዋጋው ብለው የገቡትንና በሙሉ ዋጋ የገቡትንም ለየብቻ ቁጠራቸው፣ የሚቆዩት እነማን እንደሆኑ ያኔ ይለይልሃል።

ናና
አጭር ነገር ልጨምር። የሻይ ቅጠል ሽታ ይስባል፤ የጃስሚን ሻይም እኮ የሚሠራው ቅጠሉ ከአበባው ጋር አድሮ መዓዛውን እንዲጠጣ ተደርጎ ነው። ያው ነገር ካርቶንህ ውስጥ ሳትፈልገው ይደርስብሃል። አንድ ሰሞን ናና በወረቀት ከረጢት አድርጌ ከአረንጓዴ ሻይ ጋር ላክሁ፣ ሁለቱም ናና ሆነው ደረሱ። አየር የማያስገባ ከረጢት ግዛ፣ የካርቶኑ ውበት ይደርሳል።

ወረቀትህ ላይ ደግሞ የውሃው ሙቀት ይኑር። ጥቁር ሻይ የፈላ ውሃ ይችላል፣ አረንጓዴው ግን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ነው የሚወደው። በፈላ ውሃ የነከረው ሰው መራራ ሲሆንበት አንተን እንጂ ማንቆርቆሪያውን አይወቅስም።

ቅጠሉ
ተባረኩ። አሁን ገብቼ አየሁት። መጨረሻ ከሄዱት 20 ሰዎች 6ቱ ክፍያ አልሳካ ብሎ ነው የተዘጉት። ስምንት ወር ሙሉ አላየሁትም! አምስት ዓይነት የማድረጉን ሐሳብ ትቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር፦ ለነባሮቹ ግራሙን ልቀንስ ነው ስላቸው ያጭበረበርኳቸው አይመስላቸውም?

ሚዛን ያዥ
ግራሙን ቀንሰህ ዋጋውን እንደነበረ ካስቀመጥከው አዎ፣ ልክም ናቸው። ዋጋውንም አውርድ፣ ብቻ ማጓጓዣው እንደማይቀንስልህ አስበህ። ወይም የድሮውን ካርቶን ሳትነካው በሁለት ወር አንዴ የመቀበል ምርጫ ስጣቸው። ማንንም ሳታስገድድ ቀድመህ ጻፍላቸው፣ የሚመርጡት እነሱ ይሁኑ። ለ6ቱ ግን ዛሬውኑ ጻፍ፣ ካርዳቸውን እንዲያድሱ።